የላይኛውና የታችኛው ግድግዳ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ የብረት ቢሙ የት ይቀመጥ?

ቱንቢ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እድሳት ላይ ባለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ታች ሳሎኑንና ማድ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ፈርሶ በምትኩ የብረት ቢም ሊገባ ነው። የሚከፈተው ስፋት 4.20 ሜትር ነው። የታችኛው ግድግዳ 20 ሴ.ሜ ብሎኬት ሲሆን 15 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው የአርማታ ስላብ ከላዩ አርፎበታል። ስላቡ ከግድግዳው ወደ ሳሎኑ 3.50፣ ወደ ማድ ቤቱ 3.00 ሜትር ይሄዳል። ፎቅ ላይ ያለው ግድግዳም 20 ሴ.ሜ ብሎኬት ነው፣ ቁመቱ 2.80፤ ነገር ግን ከታችኛው ጋር አይገጥምም። ከመሃል እስከ መሃል ሲለካ 18 ሴ.ሜ ወደ ማድ ቤቱ ሸሽቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ ከፊሉ እሱ ላይ ነው።

ሌላው ችግር ጫፎቹ ናቸው። አንደኛው ጫፍ የውጭው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ይገባል። በሌላኛው ጫፍ ሳይፈርስ የሚቀረው ግድግዳ ግን ከቢሙ መስመር 12 ሴ.ሜ ወደ ጎን የወጣ ስለሆነ የቢሙ ግማሽ አየር ላይ ይቀራል።

ብየዳ ሠሪው ያቀረበው ሐሳብ፦ አንድ አይፒኢ 240 (ቁመቱ 240 ሚ.ሜ የሆነ አይ ቅርጽ ያለው የብረት ቢም) በሁለቱ ግድግዳዎች መስመር መካከል ማስቀመጥ፣ ከላዩ 30 ሴ.ሜ ስፋት ያለው 12 ሚ.ሜ ላሜራ በይዶ ሁለቱንም እንዲሸከም ማድረግ፤ በአየር ላይ ለሚቀረው ጫፍም ከታች ሌላ ላሜራ። ይህ ያስኬዳል? ካላስኬደ በምን ይተካ?


ስታፋ፦

ከብረቱ በፊት ስላቡን እንይ፤ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ እዚያ ነው።

የላይኛው ግድግዳ ዛሬም የታችኛው ግድግዳ ላይ አልቆመም። የቆመው ስላቡ ላይ ነው፤ ክብደቱን ወደ ታችኛው ግድግዳ የሚያደርሰው ስላቡ ነው። ስለዚህ ቢሙ የድሮው ግድግዳ በነበረበት መስመር፣ መሃሉ ከመሃሉ ገጥሞ ከገባ፣ ስላቡ ትናንት ሲሠራ የነበረውን ሥራ ይቀጥላል። ቢሙን በሁለቱ መካከል ማስቀመጥ ግን የስላቡን መደገፊያ 9 ሴ.ሜ ወደ ማድ ቤቱ ያሸሸዋል። የስላቡ የታች ፌሮ በብዙ ቤት ግድግዳው ላይ 10 ሴ.ሜ ያህል ገብቶ ይቆማል። መደገፊያው በ9 ሴ.ሜ ሲሸሽ ከሳሎኑ በኩል የመጣው ፌሮ ቢሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ያልቃል። ማንም ያላየው ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስላቡ በግድግዳው ላይ ሳይቋረጥ የሚያልፍና የላይ ፌሮ ያለው ከሆነ ነው። ፎቅ ላይ፣ ከታችኛው ግድግዳ ትክክል በላይ፣ ወለሉን በሁለት ቦታ 30 በ30 ሴ.ሜ አድርገው ያስከፍቱ። ስላቡን ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ሲፍቁት ግድግዳውን አቋርጦ የሚያልፍ ፌሮ መታየት አለበት። ውፍረቱንና ርቀቱን መዝግበው ለመሐንዲሱ ይስጡ። ወለሉ ሲነሳ በዚሁ መስመር ላይ ርዝመቱን የሚከተል ስንጥቅ ካለ ወይም የላይ ፌሮ ከሌለ እዚህ የምለውን ይተዉት። ያኔ ለላይኛው ግድግዳም ከሥሩ የራሱ ቢም ያስፈልገዋል፤ ሌላ ንድፍ ነው።

አሁን ጭነቱ። 1 ኪሎ ኒውተን ከ1 ኩንታል ጋር ስለሚቀራረብ ለማሰብ አይከብድም። በእያንዳንዱ ሜትር የቢም ርዝመት፣ በኪሎ ኒውተን፦

የላይኛው ግድግዳ ከሁለት ጎን ልስኑ ጋር በካሬ ሜትር 3.6 ገደማ ነው፤ በ2.80 ሲባዛ 10። ስላቡ 3.75፣ የወለል ማጠናቀቂያው 1.25፣ በድምሩ 5 በካሬ ሜትር፤ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሹ ስፋት 3.25 ሜትር ስለሆነ 16.25። የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ 2 ቢያዝ 6.5። ለጣሪያው 2። ድምሩ 34.75፣ ማለትም በሜትር ወደ 35 ኩንታል።

ቢሙ ጫፍ ላይ የሚያርፍበትን ጨምሮ ስፓኑን (ከመደገፊያ እስከ መደገፊያ ያለውን ርቀት) 4.40 ያድርጉት። ለማስተማመኛ ቋሚውን ጭነት በ1.35፣ ተንቀሳቃሹን (የሰውና የዕቃውን) በ1.5 ስናባዛ በሜትር 48 ይመጣል፤ መሃል ላይ የሚፈጠረው የማጉበጥ ኃይል 116 ኪሎ ኒውተን ሜትር፣ በእያንዳንዱ ጫፍ የሚያርፈው 105 ኪሎ ኒውተን ነው። ኤስ 275 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ያለው ብረት ከሆነ የሚፈለገው የፕላስቲክ ሞዱለስ (የቢሙ ቅርጽ መጉበጥን የመቋቋም አቅም መለኪያ) 421 ኪዩቢክ ሴ.ሜ ነው። አይፒኢ 240 ያለው 367 ስለሆነ ከወዲሁ ወድቋል። ገና ስለ መጠምዘዙ ሳናወራ ማለት ነው።

የሚከብደው ግን የመርገቡ፣ ማለትም በጭነቱ መሃሉ ወደ ታች የመውረዱ ነገር ነው። ብሎኬት ግድግዳ የተሸከመ ቢም ከስፓኑ 1/500 በላይ እንዲረግብ አልፈቅድም፤ እዚህ 8.8 ሚ.ሜ ነው። አይፒኢ 240 በዚህ ጭነት 21 ሚ.ሜ ይረግባል። ቢሙ ባይሰበርም የላይኛው ግድግዳ ከበሩ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። በጥንካሬ በቂ የሚመስሉ ብዙ ቢሞች የሚወድቁት በዚህ ነው።


ብረታ ብረት፦

ስታፋ ስለ ስላቡ ያለው ትክክል ነው። እኔ ወደ ላሜራው ልምጣ።

የአይፒኢ 240 የላይ ከንፈር (የአይ ቅርጹ ጠፍጣፋ ጠርዝ) ስፋቱ 12 ሴ.ሜ ብቻ ነው። 30 ሴ.ሜ ላሜራ ሲበየድበት በየጎኑ 9 ሴ.ሜ ይንጠለጠላል። ስላቡ በአንድ ጎን ሲጫነው ላሜራው ይታጠፋል፤ ከንፈሩ ያዘነብላል፤ ቢሙ መጠምዘዝ ይጀምራል። አይ ቅርጽ ያለው ብረት ደግሞ መጠምዘዝን አይችልም። 250 በ150 በ8 ሚ.ሜ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ከአይፒኢ 240 ጋር ሲነጻጸር ለመጠምዘዝ ያለው ግትርነት ከ300 እጥፍ በላይ ነው። ጭነት ከመሃል ወጥቶ እንደሚያርፍ ከታወቀ፣ ወይ የተዘጋ ቅርጽ ወይ ጥንድ ቢም ይምረጡ እንጂ በላሜራ አያስፉት። በተጨማሪም በቀጭን ከንፈር ላይ ሙሉውን ርዝመት በአንድ ወገን የተበየደ ረጅም ላሜራ በሙቀቱ ቢሙን ያጎብጠዋል፤ ቀጥ ብሎ የመጣው ብረት ተጣሞ ወደ ላይ ይወጣል።

ለዚህ ሥራ ሁለት አማራጭ አያለሁ። አንድ ኤችኢቢ 240 (ከንፈሩ ሰፊ የሆነ ከባድ ቢም)፦ ከንፈሩ 24 ሴ.ሜ ስለሆነ ስላቡን በደንብ ይቀበላል፤ ርግበቱ 7.2 ሚ.ሜ ገደማ ነው። በሜትር 83 ኪሎ ስለሚመዝን ግን 4.70 ሜትሩ ወደ 390 ኪሎ ይደርሳል፤ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ያንን ወደ ጣሪያ ማንሳት አደገኛ ነው። ሁለተኛው ጥንድ አይፒኢ 270 ነው፦ እያንዳንዱ 170 ኪሎ፣ ርግበቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 7 ሚ.ሜ። ተለያይተው ስለሚነሱ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ጥንዱን ከመሃል እስከ መሃል 15 ሴ.ሜ አራርቁት፤ ጠቅላላ ስፋቱ 28.5 ሴ.ሜ ይሆናል፤ መሃሉ የድሮው ግድግዳ መሃል ላይ። በዚህ አቀማመጥ ከላይኛው ግድግዳ ውፍረት ውስጥ 6 ሴ.ሜ ያህሉ ቢሙ በላይ ይሆናል።

ጥንድ ሲባል ጭነቱ እኩል ይከፈላል ብላችሁ እንዳታስቡ። በማድ ቤት በኩል ያለው ቢም ወደ ሸሸው ግድግዳ ስለሚቀርብ የበለጠውን ይወስዳል። የሚያስተማምነው ነገር አንዱ አይፒኢ 270 ብቻውን 484 ኪዩቢክ ሴ.ሜ ስላለው፣ ከሚፈለገው 421 ይበልጣል። ማለትም ጥንካሬውን አንዱ ብቻውን ይችላል፤ ሁለተኛው ያስፈለገው ርግበቱን ለመቀነስ ነው፤ ብቻውን ከቀረ 14 ሚ.ሜ ይረግባል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲወርዱ የግድ መታሰር አለባቸው። በአንድ ብሎንና በቱቦ ስፔሰር ብቻ የተያያዘ ጥንድ ርቀቱን ይጠብቃል እንጂ ጭነት አያስተላልፍም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ዝም ብሎ ያያል።

ማሰሪያው እንዲህ ይሠራ። ከ10 ሚ.ሜ ላሜራ፣ ቁመቱ 20 ሴ.ሜ የሆነ ቁራጭ በሁለቱ ብረቶች ሆድ (የላይና የታች ከንፈሩን የሚያገናኘው ቀጥ ያለ ክፍል) መካከል ይቆማል። በሁለቱ ሆዶች መካከል ያለው ርቀት 143 ሚ.ሜ ነው። የቁራጩ ሁለት ጫፎች ላይ ለብሎን የሚሆን ሌላ ላሜራ በቲ ቅርጽ ይበየዳል፤ የጫፎቹ ውፍረት ከ143ቱ እንደሚቀነስ አትርሱ። በየጫፉ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሁለት ኤም 16 (16 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው) ብሎን። በከንፈሮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት 1.5 ሴ.ሜ ብቻ ስለሆነ ቢሞቹ ከገቡ በኋላ ቁልፍ ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዳዶዎቹ መሬት ላይ እያሉ ከላሜራው የውስጥ ፊት ላይ ይበየዱ፤ ብሎኑ ከውጭ ይገባል። ብዛታቸው አምስት፦ ሁለቱ ጫፎቹ መደገፊያ ላይ፣ ሦስቱ በየ1.10 ሜትሩ። የሁለቱን ብረቶች የብሎን ቀዳዳ አንድ ላይ አስራችሁ ብሱ፤ ለየብቻ የተበሳ ከላይ ሲደርስ አይገጥምም። የውስጥ ፊቱን ከመገጣጠሙ በፊት የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት፤ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም።


ቱንቢ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወለሉ ሁለት ቦታ ተከፍቶ ታይቷል፤ 10 ሚ.ሜ ፌሮ በየ15 ሴ.ሜ ግድግዳውን አቋርጦ ያልፋል፤ ስንጥቅ የለም። ፎቶውና ልኩ ወደ መሐንዲስ ሄዷል። የቀረው የጫፎቹ ነገር ነው። 12 ሴ.ሜ ወደ ጎን የወጣው ግድግዳ ላይ የአርማታ ትራስ ሠርቶ ማስፋት ይቻላል?


መሠረት፦

አይቻልም፤ ምክንያቱን በቁጥር ልንገርህ።

በጫፉ የሚያርፈው 105 ኪሎ ኒውተን ነው። ጥንዱ ቢም 20 ሴ.ሜ ግድግዳው ላይ ቢገባ የሚያርፍበት ስፋት 270 በ200 ሚ.ሜ ነው፤ በካሬ ሚ.ሜ 1.9 ኒውተን ይመጣል። 60 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው የአርማታ ትራስ ብታደርግለት ወደ 0.9 ይወርዳል። ክፍት ብሎኬት ግድግዳ ደግሞ፣ ማልታውና የማስተማመኛ ቁጥሩ ሲታሰብ፣ ያንን እንኳ በደህና አይሸከምም። ይህ ሁሉ ጭነቱ በግድግዳው መሃል ሲያርፍ ነው። 12 ሴ.ሜ ወደ ጎን ከወጣ በ20 ሴ.ሜ ግድግዳ ላይ የጭነቱ መሃል ከግድግዳው ፊት 2 ሴ.ሜ ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ትራሱ ይገለበጣል፤ የግድግዳው ጠርዝ ይፈረፈራል። ከታች የሚበየደው ላሜራም ያው ነው፤ ክብደቱን ግድግዳው ጠርዝ ላይ ያከማቸዋል።

መፍትሔው ግድግዳውን መርሳት ነው። ከቢሙ ትክክል ሥር፣ ከቀረው ግድግዳ ፊት ለፊት የብረት ኮለን ይቁም። ቱቦላሬ 150 በ150 በ6 ይሁን። ይህን ልክ የመረጥኩት ለጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ለጥንካሬውማ ያነሰም ይበቃ ነበር። የጥንዱ ሆዶች 15 ሴ.ሜ ስለተራራቁ እያንዳንዱ ሆድ በቱቦላሬው ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የላይኛው ሳህን እንዲታጠፍ የሚያስገድድ ነገር አይኖርም። ሳህኑ 300 በ200 በ20 ሚ.ሜ፣ አራት ኤም 16 ብሎን። በዚያ ቦታ ላይ የቢሞቹን ሆድ በሁለቱም ጎን በ10 ሚ.ሜ ላሜራ አጠንክሩት፤ ከንፈር እስከ ከንፈር የሚደርስ። ክፍቱ ከ4.20 ወደ 4.05 ይጠባል፤ ይህን ከአሁኑ ለባለቤቱ ንገሩ።

የኮለኑ እግር ሳህን 250 በ250 በ20፣ አራት መልህቅ ብሎን፣ ከሥሩ 3 ሴ.ሜ የማይሸሽ ግራውት (ሲደርቅ የማይኮማተር የሲሚንቶ ሙሌት)። የወለሉ አርማታ ላይ ብቻ አታቁሙት፤ በሙሌት ላይ የተጣለ 10 ሴ.ሜ ወለል ይህን ጭነት አይችልም፤ ይሰምጣል ወይ ይበሳል። ያልተባዛው ጭነት 77 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ፣ አፈሩ በካሬ ሜትር 150 ኪሎ ኒውተን የሚችል ከሆነ 80 በ80 ሴ.ሜ፣ ውፍረቱ 35 ሴ.ሜ የሆነ መሠረት ይበቃል፤ ከሥሩ 12 ሚ.ሜ ፌሮ በሁለቱም አቅጣጫ በየ15 ሴ.ሜ። አፈሩ ጥቁር ሸክላ ከሆነ ይህ ልክ አይሠራም፤ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሸሽ ኮለኑን ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ መሐንዲሱ ጥልቀቱን ይወስን። ስትቆፍሩ ከጎን ካለው የግድግዳ መሠረት ጥልቀት በታች አትውረዱ። ከዚያ በታች መሄድ ግድ ከሆነ በቁራጭ በቁራጭ እንጂ በአንድ ጊዜ አይከፈትም።

የውጭው ግድግዳ ጫፍም አላማረኝም። መስመሩ ልክ ቢሆንም ክፍት ብሎኬት ነው። እዚያም ተመሳሳይ ኮለን ማቆም ከሁሉ ይሻላል፤ የሥራው ብዛት እጥፍ ቢሆንም ሁለቱ ጫፍ እኩል ስለሚቀመጡ ቢሙ አይዘነብልም። አንዱ በአዲስ መሠረት፣ ሌላው በአሮጌ ግድግዳ ላይ ከሆነ አቀማመጣቸው የተለያየ ይሆናል፤ ስንጥቁ ያንን ይከተላል።


ውሃልክ፦

ንድፉ ተብሏል፤ እኔ ስለ ጊዜያዊው ድጋፍ ልጨምር። ግድግዳ ሲፈርስ የሚደርሰው አደጋ በአብዛኛው ቢሙ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሰዓቶች ነው።

ፎቅ ላይ ያለው ዕቃ ይውጣ፤ ሰው አይኑር። ያኔ የሚቀረው ቋሚ ጭነት በሜትር 28.25 ነው፤ በ4.20 ሲባዛ 119 ኪሎ ኒውተን። ድጋፉ ከግድግዳው በሁለቱም ወገን ይቁም። ከሳሎኑ በኩል ከግድግዳው 60 ሴ.ሜ፣ ከማድ ቤቱ በኩል ግን 45 ሴ.ሜ፣ የላይኛው ግድግዳ በዚያ ወገን ስላለ። ለአንድ የብረት ድጋፍ 10 ኪሎ ኒውተን ብቻ ያዙለት፤ ሲረዝም አቅሙ ስለሚቀንስ ቅናሽ ማሰብ ደግ ነው። በሳሎኑ በኩል 6፣ በማድ ቤቱ በኩል 8 ይበቃሉ። ከላይ ሞራሌ ወይም ትንሽ ቢም፣ ከታች 5 ሴ.ሜ ውፍረት፣ 20 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጣውላ። በሴራሚክ ላይ በቀጥታ የቆመ ድጋፍ ይንሸራተታል። ሁሉም በውሃ ልክ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በመካከላቸውም ሰያፍ ማሰሪያ ይኑር።

ድጋፉ በእጅ እስኪጠብቅ ይዙር፤ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ። በረጅም ቱቦ እየተረዳ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ስላቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የላይ ፌሮ በሌለበት ቦታ ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል፤ የላይኛውም ግድግዳ ይነሳል።

ቅደም ተከተሉ፦ መሠረቶቹ አስቀድመው ተጥለው ቢያንስ 7 ቀን ይቆዩ፤ ኮለኖቹም ግድግዳው ሳይፈርስ ይቁሙ። ቀጥሎ ድጋፍ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ከላይ ረድፍ ጀምሮ ማውረድ፤ በትልቅ መዶሻ ከሥር መምታት የለም። ከስላቡ ሥር ያለው የመጀመሪያው መገጣጠሚያ በግራይንደር ይቆረጥ፤ ንዝረቱ ወደ ስላቡ እንዳይሄድ።

ኮለኑ ሲቆረጥ በቢሙ የላይ ከንፈርና በስላቡ መካከል ከ2.5 እስከ 3 ሴ.ሜ ክፍተት እንዲኖር ታስቦ ይቆረጥ። ቢሞቹ ገብተው ከታሰሩ በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተቃራኒ የሚገጥሙ የብረት ሽብልቆች በየ50 ሴ.ሜ፣ በሁለቱም ከንፈር ላይ ይግቡ። ከመሃል ጀምሮ ወደ ጫፍ፣ ግራና ቀኙን እየተፈራረቁ በትንሹ ይመቱ። ዓላማው ቢሙ ከሚረግበው ከፊሉን አስቀድሞ መውሰድ ነው፤ ያለዚያ ድጋፉ ሲወርድ ስላቡ ቢሙን ተከትሎ ይወርዳል። ድጋፎቹ ሲላሉ መምታቱ ይቁም፤ ጭነቱ ወደ ቢሙ ተሸጋግሯል ማለት ነው።

ከዚያ በሽብልቆቹ መካከል ያለው ክፍተት በ1 ሲሚንቶ 3 አሸዋ ድብልቅ ይሞላ። ድብልቁ በጣም ደረቅ ይሁን፤ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ውሃ ግን አያወጣም። በጣውላና በመዶሻ ከአንድ ጎን እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ በሌላኛው ጎን ጣውላ ይገጠምለታል። ቀጥኖ የፈሰሰ ማልታ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ከላይ አንድ ሚ.ሜ ክፍተት ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ድጋፉ ከ7 ቀን በፊት አይነሳ። ሲነሳ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ ሁሉም ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየተባለ።


ስታፋ፦

ውሃልክ በጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድጋፉ ከመነሳቱ በፊት በቢሙ መሃል፣ በየቢሙ ሥር፣ ምልክት አድርገው ከወለሉ ያለውን ቁመት ይመዝግቡ። ሽብልቁ ምንም ያልቀነሰለት እንኳ ቢሆን ከቋሚው ጭነት የሚጠበቀው ርግበት 6 ሚ.ሜ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም በማድ ቤት በኩል ያለው ቢም ከሌላኛው በ2 ሚ.ሜ በላይ ከተለየ ማሰሪያዎቹ ጭነት እያስተላለፉ አይደለም፤ ድጋፎቹን መልሰው ያጥብቁና ብሎኖቹን ይፈትሹ። በማግስቱና ከሳምንት በኋላም ይለኩ።

ብረቱን ሳይሸፍኑ አይተዉት። ብረት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ማድ ቤት ነው፤ ከላዩ ደግሞ ሰው ይተኛል። በሦስቱም ጎን፣ ኮለኖቹንም ጨምሮ፣ መጋጠሚያቸው የማይደራረብ ሁለት ንብርብር እሳት የሚቋቋም ጂፕሰም ቦርድ ያድርጉ። ቦርዱ የሚዘጋው ግን የሳምንቱ ልኬት ካለቀ በኋላ ነው፤ ከተዘጋ ብሎኑን ማየት አይቻልም።